ለአሮጌ መኪና የሚስማማው ኩላንት

ኩላንት በሞተር ውስጥ እየተዘዋወረ ከሲሊንደሮቹ ዙሪያ ሙቀት ተቀብሎ በራዲያተር በኩል ለአየር የሚያስረክብ ፈሳሽ ነው። በተለመደው ቅልቅል ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ ደግሞ ኤቲሊን ግላይኮል የተባለ ወፈር ያለ ፈሳሽ ሲሆን፣ ብረት እንዳይበላ የሚከላከሉ ጥቂት ኬሚካሎች ተጨምረውበታል። ሙቀት በመሸከም ረገድ ውሃን የሚስተካከል ርካሽ ፈሳሽ የለም። ነገር ግን ውሃ ብቻውን ቶሎ ይፈላል፣ ብረት ያዝጋል፤ በብርድ አገር ደግሞ በረዶ ሆኖ ሲያብጥ የሞተር ብሎክ እስከ መሰንጠቅ ይደርሳል። መፍላቱንና በረዶ መሆኑን ግላይኮሉ ያቃልላል። ዝገቱን የሚከላከሉት ግን እነዚያ ጥቂት ኬሚካሎች ናቸው፤ ለአሮጌ መኪና ኩላንት ሲመረጥ ዋናው ጥያቄ የሚነሳውም በእነሱ ላይ ነው።

ግላይኮል በአሜሪካ ገበያ ፕሬስቶን በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1927 ለመኪና ሲቀርብ የተሸጠው የበረዶ ወራት መከላከያ ተብሎ ነበር። ውርጭ ከጥቂት ደጋ ቦታዎች በቀር ሞተርን በማያሰጋበት በኢትዮጵያ፣ ብዙ ሾፌር «ይሄ የፈረንጅ አገር ነገር ነው» ብሎ የቧንቧ ውሃ የሚሞላው ከዚሁ የተነሳ ሳይሆን አይቀርም። ስሌቱ ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚያ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የብዙ ጃፓን ሠራሽ መኪኖች ቴርሞስታት ደግሞ መከፈት የሚጀምረው በ82 ዲግሪ ነው። በመካከሉ ያለው ክፍተት 10 ዲግሪ ብቻ ማለት ነው።

ይህን ክፍተት የሚያሰፋው ብዙ ሰው ከቁም ነገር የማይቆጥረው የራዲያተር ክዳን ነው። ክዳኑ በውስጥ ያለው ግፊት 0.9 ባር ያህል እስኪደርስ እንፋሎት አይለቅም፤ በዚህም ንጹህ ውሃ እንኳ አዲስ አበባ ላይ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። እኩል መጠን ግላይኮል ሲጨመርበት 120 ዲግሪን ያልፋል። ጎማው የደረቀ ወይም ሞላው የላላ ክዳን ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያሳጣል። ስለዚህ «ሂት ያደርጋል» ተብሎ ጋራዥ የገባ አሮጌ መኪና ራዲያተሩ ከመውረዱ በፊት ክዳኑ ቢታይ ወጪው ይቀንሳል። በክዳኑ ራስ ላይ የተጻፈው ቁጥር የግፊቱ መጠን ነው፤ አዲስ ሲገዛም ያው ቁጥር መሆን አለበት። ከዚያ ከፍ ያለ ክዳን መግጠም ያረጀ ጎማና ያረጀ ብየዳ ማፈንዳት ነው።

የአባይ በረሃ ላይ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ይመጣል። ከድልድዩ ተነስቶ ወደ ደጀን የሚወጣ መኪና በቆላ ሙቀት፣ በከባድ ማርሽ፣ ራዲያተሩ በቂ ነፋስ ሳያገኝ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል። ከ30 ዓመት በላይ ያገለገለ ዲኤክስ ኮሮላ መንገድ ዳር ጥጉን ይዞ ይቆማል፤ ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ ይገባል፤ ኮፈኑ ይከፈታል። አብሮ የሚሄደው ወጣት ጀሪካን ይዞ፣ ጨርቅ በእጁ ጠቅልሎ ወደ ክዳኑ ሲጠጋ ሾፌሩ «አንተ ልጅ፣ ተወው! መጀመሪያ ይብረድ!» ይላል። ልክ ነው። ክዳኑ በትኩሱ ቢከፈት ግፊቱ በቅጽበት ይወርድና ከመፍያው በላይ ሞቆ የነበረው ፈሳሽ እንፋሎት ሆኖ ፊትና ክንድ ይልጣል። ከግማሽ ሰዓት በላይ ተቆይቶ ክዳኑ እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ሲዞር ፍሽሽ ብሎ ይተነፍሳል፤ ሲከፈት አፉ ላይ የሚታየው ፈሳሽ ደፍርሶ ቡኒ ሆኗል። ጣት ተነክሮ ሲወጣ የዝገት ዱቄት ይቀርበታል። መኪናው ለዓመታት ውሃ ብቻ ሲጠጣ ኖሯል። ያን ቀን ያቆመው ዳገቱ ቢመስልም፣ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ቀስ በቀስ የደፈነው ይህ ዱቄት ነው።

እንዲህ ባለ ሰዓት ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ላይ መገልበጥ ሁለተኛ ጉዳት ነው፤ የአሉሚኒየሙ ቴስታታ ይጣመማል፣ የብረቱ ብሎክም ሊሰነጠቅ ይችላል። መጠበቅ፣ ከዚያም ሞተሩን አስነስቶ በትንሽ በትንሹ መጨመር ይሻላል። ፈሳሹ ገና ሳይገነፍል መርፌው ብቻ ወደ ቀዩ እየተጠጋ ከሆነ ደግሞ ወዲያው ማጥፋት አይመከርም፤ ፓምፑ ሲቆም በብረቱ ውስጥ የተጠራቀመው ሙቀት መሄጃ አጥቶ እዚያው ያፈላዋል። የውስጥ ሂተሩን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ በቆመበት ማሠራት ሙቀቱን ያወርደዋል። ለተሳፋሪው ግን ደስ አይልም።

አሮጌ መኪና ከአዲሱ የሚለየው ፈሳሹ በሚነካው ብረት ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ድረስ ከተሠሩት መኪኖች አብዛኞቹ የብረት ብሎክ፣ በእርሳስና በቆርቆሮ ቅይጥ የተበየደ የመዳብና የነሐስ ራዲያተር አላቸው፤ ብዙዎቹም ላይ የአሉሚኒየም ቴስታታ ይታከላል። እነዚህ የተለያዩ ብረቶች በአንድ ፈሳሽ ሲገናኙ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠርና ደካማው ይበላል። አሁን ያሉት መኪኖች ግን በአመዛኙ አሉሚኒየምና ፕላስቲክ ናቸው፤ ዘመናዊ ኩላንትም የተቀመመው ለእነሱ ነው። ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነጻ የሆነው ቮልስ ነው። ሞተሩ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተርም ኩላንትም የለውም፤ ባለቤቱ ይህን ጽሑፍ ማንበብ አያስፈልገውም።

በብረት ተከላካይ ኬሚካሎቹ ረገድ ኩላንቶች በሦስት ቤተሰብ ይከፈላሉ። ቀዳሚው በሲሊኬትና በፎስፌት ላይ የተመሠረተው ነው። ሲሊኬት የብረቱን ገጽ ቶሎ በስስ ሽፋን ይለብጠዋል፤ አሉሚኒየምንም ብየዳንም በፍጥነት ይጠብቃል። ጉድለቱ ቶሎ ማለቁ ነው፤ በተለምዶ በየ2 ዓመቱ ይቀየራል። ሁለተኛው ቤተሰብ በኦርጋኒክ አሲዶች የሚሠራው ነው። ጀኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ዴክስኩል ብሎ ያስተዋወቀው ብርቱካንማ ኩላንት ከዚህ ወገን ነው። ገጹን ሁሉ አይለብጥም፤ ዝገት ሊጀምር ባለበት ነጥብ ላይ ብቻ ስለሚሠራ 5 ዓመት ያህል ይቆያል። ነገር ግን ጥበቃው የሚጀምረው በዝግታ ነው፤ በአንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ኤቲልሄክሳኖይክ የተባለ አሲድ ደግሞ የሲሊኮን ጋስኬቶችን እንደሚያለሰልስ ይታወቃል። በእርሳስ ብየዳ ላይም እምነት አይጣልበትም። ጋስኬቱ ዕድሜ ጠገብ፣ ራዲያተሩ ብየዳ ለበዛበት መኪና ረጅም ዕድሜው ጥቅም ላይ ሳይውል ጉዳቱ ብቻ ይተርፋል።

ሦስተኛው ቤተሰብ የሁለቱ ድብልቅ ሲሆን፣ እዚህ ላይ አውሮፓና ጃፓን ተለያይተዋል። አውሮፓውያን ኦርጋኒኩን ከሲሊኬት ጋር አዋሕደው ፎስፌቱን ተዉት፤ የብዙ አውሮፓ ከተሞች ውሃ በካልሲየም የበለጸገ በመሆኑ ፎስፌት ከካልሲየሙ ጋር ተዋሕዶ ድንጋይ ስለሚጋግር ነው። ጃፓኖቹ በተቃራኒው ሲሊኬት የውሃ ፓምፕን ማሸጊያ (ሲል) ይፍቃል ብለው ስለሰጉ ፎስፌቱን ይዘው ሲሊኬቱን አስወጡ። ሁለቱም ለራሳቸው ውሃና ለራሳቸው ፓምፕ ትክክል ናቸው። ለኢትዮጵያ ሾፌር የሚያስገኘው ትምህርት በፎስፌት ላይ የተመሠረተ የጃፓን ኩላንት ከጠጣር የጉድጓድ ውሃ ጋር መቀላቀል እንደሌለበት ነው።

ቀለም በዚህ ሁሉ ውስጥ ምንም አይናገርም። ኩላንት በተፈጥሮው ቀለም የለውም፤ አምራቹ የሚጨምርበት ማቅለሚያ ነው፤ የትኛው ቀለም ለየትኛው ቤተሰብ እንደሚሆን የሚደነግግ ዓለም አቀፍ ስምምነትም የለም። የቶዮታ ቀይ በፎስፌት የሚሠራ ሲሆን፣ ቮልስዋገን ጂ12 ብሎ ያወጣው ቀይ ግን የኦርጋኒክ አሲድ ነው። የአሜሪካ አረንጓዴ የጥንቱ ሲሊኬት ሲሆን፣ የኮሪያ መኪኖች አረንጓዴ ከፎስፌት ድብልቅ ወገን ነው። ጋራዥ ውስጥ «ቀዩን አምጣ» ብሎ ማዘዝ እንግዲህ ከሁለት የማይዛመዱ ነገሮች አንዱን በዕድል መምረጥ ነው። ቮልስዋገን ራሱ በዚህ ተጎድቷል፤ ሰማያዊ አረንጓዴው ጂ11 ከቀዩ ጂ12 ጋር ሲደባለቅ ቡኒ ጭቃ ስለሚፈጥር ኩባንያው ሁለቱ እንዳይቀላቀሉ አስጠንቅቆ፣ በኋላ ከሁለቱም ጋር የሚስማማ ሐምራዊ ኩላንት አወጣ።

ከቀለሙ ይልቅ የሚታመነው በጀሪካኑ ጀርባ ያለው ጽሑፍ ነው። የአሜሪካው ኤኤስቲኤም ዲ 3306፣ የእንግሊዙ ቢኤስ 6580 ወይም የጃፓኑ ጂስ ኬ 2234 ከተጻፈ ፈሳሹ ዝቅተኛውን የዝገት ፈተና አልፏል ማለት ነው። በኤኤስቲኤም ፈተና ውስጥ መዳብ፣ ብየዳ፣ ነሐስ፣ ስቲል፣ ካስት አይረንና አሉሚኒየም ለ14 ቀን በ88 ዲግሪ ፈሳሽ ውስጥ ተነክረው ምን ያህል እንደተበሉ ይመዘናል። የአሮጌ መኪና ሆድ ዕቃ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው። መመዘኛው ብቻውን ግን ቤተሰቡን ስለማይነግር፣ ሲሊኬት መኖር አለመኖሩም መነበብ አለበት።

በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ታክሲነታቸው የሚታወቁት ላዳዎች የራሳቸው ታሪክ አላቸው። መኪናው ከጣሊያኑ ፊያት 124 የተወለደ ሲሆን፣ ሶቪየቶች ለፊያቱ ፓራፍሉ ምትክ የሚሆን ቶሶል የተባለ ኩላንት ቀምመውለታል። ኤ-40 የሚባለው ሰማያዊ ቶሶል በ40 ዲግሪ ከዜሮ በታች በረዶ እንዳይሆን የተዘጋጀ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ይህ ችሎታው ሥራ ፈት ነው፣ ዝገት መከላከሉ ግን አይደለም። ቶሶል ከመጀመሪያው ቤተሰብ ነውና ዛሬ ላዳ ያለው ሰው በሲሊኬት የሚሠራውን የጥንቱን አረንጓዴ ቢገዛ አይሳሳትም። ለፔዦ 404 እና 504ም ያው ይሆናል። ለዲኤክስ ኮሮላና ለዘመኑ ሌሎች ጃፓን ሠራሽ መኪኖች ደግሞ ሲሊኬት የሌለው፣ በፎስፌት የሚሠራው የጃፓን ኩላንት ይመረጣል። እሱ ከጠፋና ምርጫው በጥንቱ አረንጓዴና በባዶ ውሃ መካከል ከሆነ፣ አረንጓዴው ያለ ክርክር ይሻላል።

ከባድ የናፍጣ ሞተሮች ሌላ ጉዳይ አላቸው። ተነቃይ የሲሊንደር ሸሚዝ ያላቸው ሞተሮች በፍንዳታው ኃይል ሲንቀጠቀጡ በሸሚዙ ውጫዊ ገጽ ላይ ጥቃቅን የእንፋሎት አረፋዎች እየተፈጠሩ ይፈነዳሉ፤ ፍንዳታው ብረቱን እየቀዳደደ ውሃን ከዘይት ጋር እስከ ማገናኘት ይደርሳል። ለዚህ ናይትራይት ያለበት፣ ኤኤስቲኤም ዲ 6210ን የሚያሟላ ኩላንት ይፈለጋል። የቤት መኪና ኩላንት አይበቃም።

ገበያ ላይ ኩላንት በሁለት መልክ ይሸጣል፦ ውሃ ያልተጨመረበት ኮንሰንትሬትና ተበጥብጦ የተዘጋጀ። ኮንሰንትሬቱን እንዳለ መሙላት ትርፍ ጥበቃ አይሰጥም። ንጹህ ግላይኮል ሙቀት የመሸከም ችሎታው ከውሃ ግማሽ ብዙም አይበልጥም፤ በረዶ የሚሆነውም በ13 ዲግሪ ከዜሮ በታች ገደማ ሲሆን፣ እኩል በእኩል ሲበጠበጥ ግን እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይቆያል። በሞቃት አገር 40 በመቶ ግላይኮል ይበቃል፤ ከ30 በመቶ በታች ሲወርድ ግን ዝገት ተከላካዩም አብሮ ይሳሳል።

የተበጠበጠ ተብሎ የሚሸጠው ባለቀለም ውሃ ብቻ እንዳይሆን መሞከሪያ ዘዴ አለ። ግላይኮል ከውሃ ይከብዳል፤ እኩል በእኩል የተበጠበጠ 1 ሊትር 1.07 ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ ውሃው ግን 1 ኪሎ። ሚዛን ከሌለ ጥቂቱን ክዳን ባለው ዕቃ አድርጎ፣ ከምግብ አርቆና ጽፎበት፣ የቤት ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር ነው። ፍሪዘር 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያህል ስለሚያቀዘቅዝ ትክክለኛው ፈሳሽ ሆኖ ያድራል። ጠዋት ድንጋይ ሆኖ የተገኘው ግላይኮሉ እጅግ ያነሰ ነው፣ ወይም ጨርሶ የለውም።

ለመበጥበጫ የሚሆነው ውሃ ማዕድን የሌለበት ነው። በየነዳጅ ማደያውና በየመለዋወጫ ሱቁ የባትሪ ውሃ ተብሎ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይሆናል፤ ሆኖም ከአጠገቡ ከሚቀመጠው የባትሪ አሲድ ጋር እንዳይምታታ ጽሑፉ ይነበብ። ከጣሪያ ዝገት የጸዳ የዝናብ ውሃ ከጉድጓድ ውሃ በእጅጉ ይሻላል። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያለ የከርሰ ምድር ውሃ የሟሟ ማዕድን የበዛበት ስለሆነ ከተገኘ ሁሉ መጨረሻ የሚመረጥ ነው። በጭንቅ ሰዓት አምቦ ውሃ ራዲያተር ውስጥ የሚገለብጥም አይጠፋም፤ ለጊዜው ከመንገድ ያወጣል፣ ማዕድኑ ግን ወደ ቤት ሲደርስ አብሮ አይወጣም።

መጨመሩ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ በሜዳ ላይ ይሠራል። መጠባበቂያ ገንዳ ያለው መኪና ፈሳሹ በሎውና በፉል ምልክቶች መካከል ከሆነ ምንም አይጨመርበትም። ገንዳው ባዶ ከሆነ ግን የራዲያተሩ ክዳንም ይከፈት፤ ገንዳው ብቻ ተሞልቶ ራዲያተሩ ጎድሎ ሊቀር ይችላል። ገንዳ የሌላቸው የጥንት መኪኖች እስከ አፍ አይሞሉም፤ ፈሳሹ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ካልተተወለት ትርፉን በቀጭኗ ቱቦ ወደ መሬት ይተፋዋል። ይህን «ውሃ ይበላል» ብሎ በየቀኑ የሚሞላ ሰው መኪናው በየቀኑ ሲተፋ ያያል።

ቀጥሎ ሂተሩ ወደ ሙቁ ይዞር፤ ፈሳሹ በዝግታ ይፍሰስ፤ ወፍራሙ የላይኛው ጎማ ጨበጥ ለቀቅ እየተደረገ አየሩ ይውጣ። ክዳኑ ሳይዘጋ ሞተሩ ይነሳል። ቴርሞስታቱ ሲከፈት የላይኛው ጎማ በድንገት ይሞቃል፣ በአፉ ላይ ፈሳሹ መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ የታፈነ አየር ካለም ቡልቅ ብሎ ይወጣና ደረጃው ይወርዳል። ያኔ ጎደሎው ተሞልቶ ክዳኑ ይዘጋል። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ መታየት አለበት። አረፋው ሳያቋርጥ የሚቀጥል ከሆነ አየሩ የሚመጣው ከሲሊንደር ነው፤ የቴስታታ ጋስኬት ተቃጥሏል፣ ኩላንት መጨመርም መፍትሔ መሆኑ አብቅቷል። የዘይት ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ነገር መታየቱም ያንኑ ይናገራል።

ምን እንደሚጨመር የሚወስነው ምን እንደጎደለ ነው። በእንፋሎት የሚወጣው ውሃው ብቻ ስለሆነ ለእሱ የተጣራ ውሃ ብቻ ቢተካ ልክ ነው። የሚንጠባጠብ መኪና ግን ሁለቱንም ያጣል። 6 ሊትር የሚይዝ፣ እኩል በእኩል የተበጠበጠ መኪና 1 ሊትር ጠፍቶበት በውሃ ቢተካ ግላይኮሉ ወደ 42 በመቶ ይወርዳል። ያው ሲደገም 35፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሲደገም 29 በመቶ ይደርሳል። ኩላንት የተሞላ መኪና በጥቂት ወራት ውስጥ ሳይታወቅ ወደ ውሃ መኪናነት የሚመለሰው በዚህ መንገድ ነው። ቀለሙ ገና አረንጓዴ ስለሚመስልም ማንም አይጠረጥርም።

ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ የማይታወቅ መኪና፣ ማለትም ከሰው የተገዛ አሮጌ መኪና ሁሉ፣ ላዩ ላይ ከመጨመር ይልቅ ታጥቦ እንደ አዲስ ቢሞላ ይሻላል። የራዲያተሩን የታች መክፈቻ ብቻ ማፍሰስ ብሎክ ውስጥ ያለውን አያወጣም፤ በሞተሩ ጎን ያለው የብሎክ ቡሎንም መፈታት አለበት። ዓመታት ካልተነካ እምቢ ሊል ይችላልና ሳይሰበር መተውም ጥበብ ነው። ፈሳሹ ጠርቶ እስኪወጣ በንጹህ ውሃ ይታጠባል። ከዚያ በኋላ ብሎክ ውስጥ የታጠበበት ውሃ ስለሚቀር የተበጠበጠ ኩላንት ቢሞላ ይቀጥናል። የመኪናው ጠቅላላ መያዣ 6 ሊትር ከሆነ መጀመሪያ 3 ሊትር ኮንሰንትሬት ገብቶ የቀረው በተጣራ ውሃ ሲሞላ መጠኑ ራሱን ያስተካክላል።

ለሚሞቅ መኪና ቴርሞስታቱን አውልቆ መጣል የብዙ መካኒክ የመጀመሪያ መድኃኒት ነው፤ ትክክል አይደለም። ሞተሩ ለመሞቅ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ሲሊንደሩ ቶሎ ያልቃል። ቴርሞስታቱ ሲከፈት የመተላለፊያውን ቀዳዳ እንዲዘጋ ሆኖ በተሠራባቸው ሞተሮች ላይ ደግሞ፣ እሱ ሲወልቅ ከፊሉ ፈሳሽ ራዲያተሩን ሳይነካ እየተሽከረከረ ሙቀቱን ያባብሰዋል። ቴርሞስታት መሥራቱ በፈላ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ሲከፈት በማየት ይረጋገጣል፤ ካልተከፈተ በአዲስ ይቀየራል።

የወጣው ኩላንት መርዝ ነው። ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ ስለሆነ ውሻም ሕፃንም ሳይጠየፍ ይጠጣዋል፤ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ወደ ኦክሳሊክ አሲድ ሲለወጥ ኩላሊት ይደፍናል። 100 ሚሊ ሊትር ገደማ አዋቂን ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ምልክቱ መጀመሪያ ስካር ስለሚመስል ጊዜ ያልፋል፤ የጠጣ ሰው ምንም ባይሰማውም ወዲያው ሆስፒታል ይወሰዳል፣ በጊዜ ከተደረሰበትም ማርከሻ መድኃኒት አለው። የተረፈ ኩላንት በሃይላንድ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አይቀመጥ፤ በራሱ ዕቃ፣ ክዳኑ ተጠብቆ፣ ልጅ በማይደርስበት ይሁን። በጋራዥ ግቢ የፈሰሰው ወዲያው በመጋዝ ብናኝ ወይም በአሸዋ ይመጠጥ፤ አሮጌው ኩላንትም ወደ ቦይና ወደ ወንዝ ሳይለቀቅ፣ ከተቃጠለ ዘይት ጋርም ሳይደባለቅ ለብቻው ይጠራቀም።